ዝምተኛው ኪቦርድና የያሬድ ምልክት

ሚዲ ኪቦርድ መልኩ የፒያኖ ቢሆንም በባሕርዩ የድምፅ መሣሪያ አይደለም፤ ቁልፉ ሲጫን የሚመታ ጅማት፣ የሚነፋ ሸምበቆ ወይም የሚርገበገብ ቆዳ በውስጡ ስለሌለ፣ ብቻውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሲመቱት ከፕላስቲኩ ኳኳታ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። ሥራው የትኛው ቁልፍ እንደተነካ፣ በምን ያህል ኃይል እንደተነካና መቼ እንደተለቀቀ በቁጥር እያደረገ ወደ ኮምፒውተር መላክ ሲሆን፣ ድምፁን የሚፈጥረው በኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው ሶፍትዌር ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ዕቃ ለመግዛት ከሻጭ ፊት የቆመ ሰው የሚያነሣው የዋጋ ጥያቄ ሌላ የቆየ ጥያቄ ተሸክሞ ይመጣል፤ ይኸውም ዜማ የሚኖረው በመሣሪያው ውስጥ ነው፣ በምልክቱ ውስጥ ነው፣ ወይስ በሰውየው ጆሮና ትዝታ ውስጥ ነው የሚል ነው። ጥያቄው የቅንጦት አይደለም፤ ዜማው የት እንደሚኖር ያልለየ ገዢ ገንዘቡን በምን ላይ ማውጣት እንዳለበትና ከምን ላይ መቆጠብ እንደሚችል ሊለይ አይችልም።

ገዢው ለምሳሌ የመራዊ ወጣት ይሁን። መራዊ ከባሕር ዳር በስተደቡብ ከ30 ኪሎ ሜትር በጥቂት በሚበልጥ ርቀት ላይ የምትገኝ የጎጃም ከተማ ስትሆን፣ በእርሷ በኩል የሚያልፈው አውራ ጎዳና በዳንግላና በእንጅባራ አድርጎ ወደ ቡሬ፣ ከዚያም ወደ ፍኖተ ሰላም ይወርዳል። በእነዚህ ከተሞች ቁልፍ ያለው የሙዚቃ መሣሪያ ሁሉ በሕዝቡ አፍ «ኦርጋን» ይባላል፤ በሠርግ ድንኳን ውስጥ ከትልልቅ ስፒከሮች አጠገብ የሚቆመውም፣ በቤት ውስጥ ከላፕቶፕ ጋር የሚያያዘውም በአንድ ስም ይጠራሉ። ልዩነታቸው ግን መሠረታዊ ነው። የሠርጉ ኦርጋን በሙያው ቋንቋ አሬንጀር የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ የራሱ ድምፅ፣ የራሱ ምትና ብዙ ጊዜ የራሱ ስፒከር ያለው፣ ባለሙያው በአንድ እጁ ዜማውን እየተጫወተ በሌላው አጃቢውን የሚያዝበት የተሟላ ዕቃ ነው፤ ሚዲ ኪቦርድ ግን ያለ ኮምፒውተር ምንም ነው። ቤት ውስጥ ዘፈን ወይም መዝሙር ለማቀናበር የሚያስብ ወጣት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሲመርጥ፣ በአንድ በኩል የሌሎችን ውሳኔ በአንድ ሣጥን ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገዛል፣ በሌላ በኩል ደግሞ ውሳኔውን ሁሉ ለራሱ የሚተው ባዶ ዕቃ ይገዛል ማለት ነው። ባዶው ዕቃ በገንዘብ ይረክሳል፤ በትዕግሥትና በዕውቀት ግን ይወደዳል።

ሚዲ የሚለው ስያሜ የሙዚቃ መሣሪያዎች ዲጂታል መገናኛ የሚል ትርጉም ካለው የእንግሊዝኛ ሐረግ የመጀመሪያ ፊደላት የተገኘ ነው። መገናኛው ይፋ የሆነው በ1983 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» የተባለው የኢትዮጵያ፣ ሌላው ዘመን ሁሉ የአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፣ ሐሳቡን ከገፉት መካከል አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝና የጃፓኑ የሮላንድ ኩባንያ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺ ዋነኞቹ ናቸው፤ በዚያው ዓመት በጥር ወር በአሜሪካ በተካሄደ የሙዚቃ ዕቃዎች ትርኢት ላይ የሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች መሣሪያዎች በአንድ ሽቦ ተያይዘው የአንዱ ቁልፍ ሲነካ ሌላው ሲታዘዝ ታየ። አሠራሩን በቅርበት ለማየት በፒያኖ መካከል ላይ ያለችውን የዶ ቁልፍ መውሰድ ይበቃል። ለዚህች ቁልፍ የተሰጠው ቁጥር 60 ነው። ቁልፏ ጠንከር ባለ ጣት ስትመታ በሽቦው ውስጥ የሚያልፉት 144፣ 60 እና 92 የሚሉ ሦስት ቁጥሮች ሊሆኑ ይችላሉ፤ የመጀመሪያው «በአንደኛው መስመር ላይ ድምፅ ጀምር» ማለት ነው፣ ሁለተኛው የቁልፏ መለያ ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ ባለሙያዎች ቬሎሲቲ የሚሉት፣ ከ0 እስከ 127 የሚቆጠረው የአመታት ኃይል ነው። ጣቱ ሲነሣ ሌሎች ሦስት ቁጥሮች ይከተላሉ። በእነዚህ በሁለቱ መልእክቶች መካከል ድምፁ ይንቀጥቀጥ፣ ይለስልስ ወይም እንደ ልቅሶ ይሰበር እንደሆነ፣ ሌላ መልእክት ካልተጨመረ በቀር፣ የተነገረ ነገር የለም።

ድምፅ የሌለው ምልክት ዜማን ይሸከማል የሚለው ሐሳብ ለጎጃም ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት የዜማን ሥርዓት በ6ኛው ክፍለ ዘመን ለነበረው ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል፤ ዜማውም ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉ በሦስት ወገኖች ይከፈላል። ድጓ በሚባለው የዜማ መጽሐፍ ብራና ላይ ከግእዙ ቃል በላይ በቀጫጭን ብዕር የሚሰፍሩት ምልክቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ የቅርጽ ምልክቶች ሲሆኑ፣ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ ርክርክና ሌሎችም ስሞች አሏቸው፤ ድምፁ ወደ ላይ እንዲወጣ፣ ወደ ታች እንዲደፋ፣ እንዲቆረጥ ወይም እንዲርገበገብ ያመለክታሉ። ሁለተኞቹ ከፊደል የተወሰዱ ናቸው፤ ዜማው አስቀድሞ ከሚታወቅ ቃል አንድ ወይም ሁለት ፊደል ተቀንጭቦ በአዲሱ ቃል ላይ ሲጻፍ፣ ያንን ቃል በዜማው የሚያውቅ ደብተራ ዜማውን ከትዝታው አውጥቶ ወደ አዲሱ ቃል ያሻግረዋል። የምልክቶቹ ሥርዓት በ16ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እጅ እንደተደራጀ በትውፊት ይነገራል።

የሁለቱ ሥርዓቶች ተመሳሳይነት ላይ ላዩን ነው፤ ልዩነታቸው ግን የጥያቄውን ልብ ይነካል። የድጓው ምልክት ቁጥር የለውም፣ የድምፁንም ከፍታ በልኬት አይናገርም፤ ምልክቱን ያየ ሰው ዜማውን አስቀድሞ ከመምህሩ አፍ በቃል ካልተማረ በቀር ብራናው ዝም ይለዋል። ስለዚህ ምልክቱ የሚናገረው የሚያውቀውን እንዲያስታውስ ለተዘጋጀ ሰው ነው። የሚዲ ቁጥር ግን ምንም የሚያስታውስ ሰው አይፈልግም፤ 60 የሚለው ቁጥር በመራዊም ሆነ በቶኪዮ ያንኑ አንድ ድምፅ ያዝዛል፣ ታዛዡም ዜማውን ሰምቶ የማያውቅ ማሽን ነው። በአንደኛው ሥርዓት ትዝታው በሰው ውስጥ ሲኖር ምልክቱ ቀስቃሹ ነው፤ በሁለተኛው ትዝታው ወደ ማሽኑ ተሻግሯል። የተሻገረው ትዝታ የማን ነው የሚለው ነው እንግዲህ መጠየቅ ያለበት፤ ምክንያቱም ማሽኑ ባዶ ሆኖ አይመጣም፣ አንድን ኦክታቭ (ማለትም ከአንድ ድምፅ እስከ ራሱ ከፍተኛ መንትያ ያለውን ርቀት) በ12 እኩል ክፍሎች የከፋፈለውን የአውሮፓ ፒያኖ ልማድ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተሸክሞ ይመጣል።

ዋሸራንና ጎንጅን የመሰሉ የቅኔ ቤቶችን ያፈራ አገር ሰው እዚህ ላይ ሚዲን በሰምና ወርቅ ለመመሰል ቢቸኩል አይፈረድበትም፤ ቁጥሩ ሰም ነው፣ ድምፁ ወርቅ ነው ማለት ቀላል ነውና። ምሳሌው ግን ያሳስታል። በቅኔ ሰሙ ለዚያ ለአንዱ ወርቅ ብቻ የተበጀ ነው፤ ሰሙን ለውጦ ወርቁን መጠበቅም ሆነ ወርቁን ለውጦ ሰሙን መጠበቅ አይቻልም፣ የባለቅኔውም ጥበብ በዚህ በማይነጣጠለው ጋብቻ ላይ ነው። በሚዲ ግን ለፒያኖ የተመታውን ያንኑ ቁጥር በአንድ ጠቅታ ወደ ዋሽንት፣ ወደ ክራር ወይም ወደ መለከት ማዛወር ይቻላል፤ ቁጥሩ ለየትኛውም ድምፅ ታማኝ አይደለም። ይህ ለአቀናባሪ ትልቅ ነጻነት ነው። ለቅኔ ተማሪ ግን ጥርጣሬ የሚያጭር ነጻነት ነው፤ ጥርጣሬውም ተገቢ ነው።

ወደ ኪቦርድ ምርጫ ሲመጣ ይህ ሁሉ በብር ይተረጎማል። የኢትዮጵያ ዓለማዊ ሙዚቃ በአብዛኛው የቆመባቸው ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት ቅኝቶች (ቅኝት ማለት አንድ ዜማ የሚጠቀምባቸው ድምፆች የተመረጡበት ሥርዓት ነው) በአንድ ኦክታቭ ውስጥ አምስት አምስት ድምፅ ብቻ ይይዛሉ። በገበያ ላይ ያሉት ሚዲ ኪቦርዶች ባለ 25፣ ባለ 32፣ ባለ 37፣ ባለ 49፣ ባለ 61 እና ባለ 88 ቁልፍ ሲሆኑ፣ ዋጋው ከቁልፉ ብዛት ጋር ይወጣል። የዚህ መሰላል አሠራር ግን ለሌላ ሙዚቃ የታሰበ ነው፤ 88ቱ ቁልፎች የሚያስፈልጉት ግራ እጅ ከታች ሌላ ድምፅ እያነባበረ፣ ቀኝ እጅ ከላይ ዜማውን ለሚይዝበት ለአውሮፓው የፒያኖ ስልት ነው። የጎጃም ዜማ በብዛት ነጠላ መስመር ነው፤ እረኛው በዋሽንቱ፣ አዝማሪው በመሰንቆው፣ ሴቲቱ በእንጉርጉሮዋ የሚሄዱት አንድ ድምፅ ይዘው ነው። ባለ 25 ቁልፍ ኪቦርድ ሁለት ኦክታቭ የሚሸፍን ስለሆነ፣ የቅኝቱ መነሻ ከመጀመሪያዋ ቁልፍ ላይ ሲቀመጥ የአንድ ቅኝት 11 ድምፆች ይገኙበታል፤ ከዚህ የሚሰፋ ዘፈን ደግሞ ጥቂት ነው። ዘፋኙ ከፍታውን ሲለውጥም ኦክታቭ የሚያሻግር ወይም መነሻውን የሚያዘዋውር ቁልፍ በአብዛኞቹ ላይ አለ፤ ዋሽንት ተጫዋቹ ለዚሁ ሲል ቁመታቸው የተለያየ በርካታ ዋሽንቶችን በከረጢቱ ይዞ ይዞራል። እንግዲህ ከቁልፍ ብዛት ላይ መቆጠብ ለዚህ ሙዚቃ ኪሳራ አይደለም።

ኪሳራው ያለው በቁልፎቹ መካከል ነው። መሰንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ጅማት ብቻ ሲኖረው፣ የአዝማሪው ጣት ጅማቱን ከጎኑ እየዳሰሰ ትሄዳለች እንጂ ከእንጨቱ ጋር አታጣብቀውም፤ ስለዚህ በአንዱ ድምፅና በሌላው መካከል ያለው መንገድ ራሱ የዜማው አካል ነው። የኪቦርድ ቁልፍ ደግሞ መንገድ የለውም፤ ወይ አንዱ ነው ወይ ሌላው ነው። በተለይ አንቺ ሆዬ በጠባብ ርቀቶቹ የተነሣ በ12ቱ እኩል ክፍፍል ውስጥ ሲጨመቅ የሚደርቅ ቅኝት ነው፤ ጆሮው በመሰንቆ ያደገ ሰው በኦርጋን ሲሰማው የሚጎድለውን በስም ባይጠራውም መጉደሉን ያውቀዋል። ለዚህ ችግር የሚዲ ሥርዓት ያበጀው መፍትሔ ፒች ቤንድ የሚባለው፣ ድምፁን ከቁልፉ ቦታ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚያንሸራትተው መቆጣጠሪያ ሲሆን፣ መንሸራተቻውን በ16,384 ደረጃዎች ከፋፍሎ ይልካል፤ ይህ ለጆሮ ቅንጣት ታህል ክፍተት የማይተው ስፋት ነው። ርካሽ በሆኑት ኪቦርዶች መካከል ትልቁ ልዩነት የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ኤም ኦዲዮ ኪስቴሽን 49 መሽከርከሪያ ጎማ አለው፤ ሦስተኛው የአካይ ኤምፒኬ ሚኒ ትውልድ በአውራ ጣት የሚገፋ ትንሽ ዘንግ አለው፤ አርቱሪያ ሚኒላብ ጣት የሚንሸራተትበት ሰሌዳ አለው፤ ኮርግ ናኖኪ 2 ግን የሚጫኑ ሁለት አዝራሮች ብቻ አሉት፣ አዝራር ደግሞ እንደ ጣት አያንሸራትትም። መንሸራተቻው በአንድ መስመር ላይ ያሉትን ድምፆች ሁሉ በአንድነት ስለሚያነቃንቅ ለአውሮፓው ድርብርብ ሙዚቃ እንቅፋት ነው፤ ለነጠላው የመሰንቆ መስመር ግን ምንም አይጎዳም። ባለ 25 ቁልፍና ጥሩ መንሸራተቻ ያለው ኪቦርድ ለመራዊው አቀናባሪ ባለ 61 ቁልፍ ሆኖ መንሸራተቻው ከማይታዘዝ ኪቦርድ ይሻለዋል ማለት ይቻላል። ይህ ፍርድ ከቅኝቱ የመጣ ነው እንጂ ከዕቃዎቹ ማስታወቂያ አይገኝም።

ከመንሸራተቻው ቀጥሎ መታየት ያለበት ቁልፉ የጣትን ኃይል መለየቱ ነው፤ ቬሎሲቲ የማይለይ ኪቦርድ ሁሉን በአንድ ቁጥር ስለሚልክ፣ ከበሮ በእርሱ የሚቀዳ ሰው ጠንካራውንና ለስላሳውን ምት መለየት ያቅተዋል። ሌላው ባለሙያዎች ላተንሲ የሚሉት፣ በጣቱ ንክኪና በድምፁ መሰማት መካከል ያለው መዘግየት ነው። ብዙ ገዢዎች ይህን የኪቦርዱ ጥፋት አድርገው ርካሹን ትተው ውዱን ይገዛሉ፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከላፕቶፑ ነው። የጥንቱ የሚዲ ሽቦ እንኳ በሰከንድ 31,250 ቢት ስለሚያሳልፍ አንዱን የንክኪ መልእክት ለማድረስ አንድ ሺኛ ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ኮምፒውተሩ ግን ድምፁን በቁና እየሰፈረ እንደሚያወጣ ሰው ነው፤ በሰከንድ 44,100 የድምፅ ናሙናዎችን የሚያወጣ ማሽን ቁናውን በ1,024 ናሙናዎች ካስተካከለ እያንዳንዱ ስፍር 23 ሺኛ ሰከንድ ይፈጃል። ድምፅ በአየር ውስጥ በዚህ ጊዜ ስምንት ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ተጫዋቹ ከራሱ ከበሮ ስምንት ሜትር ርቆ እንደመታ ይቆጠራል። ቁናው ወደ 256 ሲቀነስ ርቀቱ ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋል፤ በማኅሌት ፊት ለፊት በሁለት ረድፍ ቆመው በመቋሚያ የሚዘምሙ ደባትር ከዚህ በሚሰፋ ርቀት ላይ ሆነው አንድነታቸውን ይጠብቃሉ። የቁናውን መጠን በሶፍትዌሩ ውስጥ ማስተካከል ገንዘብ አያስወጣም።

የአካባቢው ኑሮም የራሱን መመዘኛ ይጨምራል። በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ኃይል የሚወስድ ትንሽ ኪቦርድ መብራት ሲጠፋ ከላፕቶፑ ባትሪ ጋር እስከ ተወሰነ ጊዜ ይቆያል፤ የግድግዳ መብራት የሚፈልገው ትልቅ ኦርጋን ወዲያው ዝም ይላል። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው የጸጥታ ሁኔታ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ስለነበር፣ ከኪቦርዱ ጋር በነጻ የሚሰጠው ሶፍትዌር በበይነ መረብ ካልተመዘገበ የማይሠራ ከሆነ ስጦታው ስጦታ አለመሆኑን የክልሉ ወጣት ከማንም በላይ ያውቀዋል። በኢትዮጵያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ስላለፈ፣ በዶላር «ርካሽ» የተባለው ዕቃ በብር ሌላ ትርጉም ያዘ።

የርካሽ ዕቃን ፍልስፍና በሕይወቱ ያሳየ አንድ ኢትዮጵያዊ አለ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን በ1985 አኮርዲዮኑን ከሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሙግ ሲንተሳይዘርና ከያማሃ ዲኤክስ 7 ጋር እያዋሐደ ብቻውን አንድ ካሴት ቀዳ፤ ዲኤክስ 7 በ1983 ገበያ ላይ ሲወጣ ሚዲ ከተገጠመላቸው የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች አንዱ ነበር። ካሴቱ ለዓመታት ከተረሳ በኋላ አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶት በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ኃይሉ በዚያን ጊዜ ታክሲ ነጂ ነበር፣ በዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ እየጠበቀም ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በታክሲ ዕቃ መጫኛ ውስጥ የሚዞር ኪቦርድ ውድ መሆን የለበትም። ሙዚቃው ግን የእርሱ ነበር፤ ምክንያቱም ትዝታው ከሣጥኑ ሳይሆን ከራሱ ይመጣ ነበር። በዚህ ረገድ ኃይሉ ዲጂታሉን ዕቃ የተጠቀመበት እንደ ድጓ ምልክት ነው፤ ቀስቃሽ እንጂ አስታዋሽ አላደረገውም።

ቀጥሎ የሚመጣው ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ነው፤ ዕቃው ለአምልኮ ይሆናል ወይ የሚለው። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ኪቦርድ የመዝሙር ዋና አጃቢ ከሆነ ቆይቷል፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ግን በማኅሌት የሚያገለግሉት ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ናቸው፣ በኦርጋን የታጀበ መዝሙርም ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ኖሯል። ክርክሩን ብዙ ሰው «አሮጌ» እና «አዲስ» በሚሉ ቃላት ያየዋል፤ ይህ አተያይ ግን ከራሱ ከመጽሐፍ ጋር አይስማማም። የመዝሙረ ዳዊት 150ኛው ምዕራፍ ለምስጋና የሚሆኑትን መሣሪያዎች ሲዘረዝር ከመለከት፣ ከበገና፣ ከከበሮና ከጸናጽል ጋር መሰንቆንም በስም ይጠራል፤ ሆኖም መሰንቆ በተግባር የአዝማሪ መሣሪያ ሆኖ ከጠጅ ቤት ጋር ተቆራኝቶ ኖረ እንጂ ወደ ማኅሌት አልገባም። ከበሮ በሌላ በኩል ሌሊት በቅኔ ማኅሌት፣ ቀን በሠርግ ቤት ይመታል፤ በሁለቱም ቦታ እንጨቱና ቆዳው ያው ነው፣ አመታቱ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ትውፊቱ መሣሪያውን የሚመዝነው በዕድሜውና በቁሱ አይደለም፤ ዜማው መሣሪያውን ይመራል ወይስ መሣሪያው ዜማውን ይመራል በሚለው ነው። በማኅሌት ከበሮ ዜማውን ይከተላል፤ በያሬዳዊ ሥርዓት ድምፁን የሚይዘው ጉሮሮ ነው። ኦርጋን በአንጻሩ የራሱን ድምፅ ከፍታ አስቀድሞ ወስኖ ይመጣልና ዘማሪው እርሱን ለመምሰል ጉሮሮውን ያስተካክላል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያ ዘማሪ በኦርጋን የሌሉትን ድምፆች ማውጣት ይተዋል። የመምህራኑን ቅሬታ በዚህ መልኩ ያየ ሰው ወግ አጥባቂነት ብሎ በቀላሉ አያልፈውም።

በገና ይህንኑ የዜማና የመሣሪያ ጥያቄ በሌላ ገጽ ያሳያል። አሥር ጅማቶች ያሉት ይህ መሣሪያ በዐቢይ ጾም በእርጋታ የሚደረደር ሲሆን፣ በየጅማቱና በድልድዩ መካከል የሚገባው ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ያንን የሚታወቅ የሚነዝር ድምፅ ያወጣል። ዛሬ የበገናን ድምፅ በናሙና ቀድቶ (ባለሙያዎች ሳምፕል ይሉታል) ከሚዲ ቁልፎች ጋር ማያያዝ ይቻላል፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ሲነካ አንድ ቀን አንድ ሰው የደረደረው ያ አንድ ድምፅ ይደገማል። ድምፁ ሐሰት አይደለም፤ በእርግጥም የበገና ድምፅ ነው። ግን የሌላ ሰው ያለፈ ድርደራ ነው፤ ደርዳሪው በጾሙ ቀን ጅማቱን ሲያስማማ የቆየበት ጊዜ፣ ቆዳውን ወደ ላይና ወደ ታች እየገፋ ድምፁን የሚፈልግበት ትዕግሥት በቁልፉ ውስጥ የለም። በገና መደርደር ጸሎት ከሆነ ማስማማቱ የጸሎቱ መጀመሪያ ነው፤ የተስማማ በገናን በአንድ ጠቅታ የሚከፍት ሰው መጀመሪያውን ዘሎታል። ይህ ማለት ግን በሚዲ የሚሠራ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በ2019 ያረፈው አቀናባሪ ኤልያስ መልካ በኮምፒውተርና በኪቦርድ የሠራበትን ስቱዲዮ በገና ብሎ መሰየሙ፣ አዲሱ ዕቃ የአሮጌውን ስም ሲሸከም የሚያፍርበት ምክንያት እንደሌለ ያሳያል፤ ስሙን መሸከምና ቦታውን መውሰድ ግን ለየብቻ የሚታዩ ናቸው፣ በቤቱ ለመዝናናት የሚያቀናብረውና ለምእመናን መዝሙር የሚያዘጋጀው ሰውም በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

ለመራዊው ወጣት ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ነገር ከዕቃው መደብር ውጭ ይጀምራል። ባለ 25 ቁልፉን ኪቦርድ ከመግዛቱ በፊት መሰንቆ የሚያውቅ አዝማሪ አጠገብ ወይም የቃል ትምህርት በሚሰጥ የድጓ መምህር ደጅ የሚያሳልፈው ጊዜ፣ ኪቦርዱ የማያስታውሰውን ትዝታ በራሱ ውስጥ እንዲያስቀምጥ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ መንሸራተቻውን ምን ያህል መግፋት እንዳለበት የሚነግረው ራሱ ጆሮው ነው። ያለዚህ የተገዛ ኪቦርድ 12 እኩል ክፍሎችን ደግሞ ደጋግሞ ያስተምረዋል፤ ጆሮውም ይታዘዛል።

በቤት ውስጥ መቅዳትና መንፈሳዊ ሕይወት በአንድ ሰው ላይ እንዴት እንደሚገናኙ ለማየት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ማስታወስ ይገባል። በ1923 ተወልደው በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉት እኒህ መነኩሲት በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ቫዮሊን የተማሩ፣ በግሸን ማርያም በባዶ እግር የመነኑ፣ ኋላም ወደ ፒያኖ የተመለሱ ነበሩ፤ በጀርመን የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ገቢም ለድሆች እርዳታ ነበር። ፒያኖውን ወደ ማኅሌት አላስገቡትም፤ ከማኅሌት የሰሙትን ግን ወደ ፒያኖው አምጥተውታል፣ የቁልፎቹንም እኩል ክፍፍል ፈጠንና ዘገየት በሚል አነካክ እያለሰለሱ በሚያመልጥ ምት ይጫወቱ ነበር። ካረፉ በኋላ በ2024 የታተመው ሱቬኒርስ የተባለው አልበም በ1977 እና በ1985 መካከል በአዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት በተራ የካሴት መቅረጫ ራሳቸው የቀዱት ሲሆን፣ በመዝሙሮቻቸው መካከል የወንበሩ መንቋቋትና ከመስኮቱ ውጭ የወፎች ድምፅ ይሰማል። ያ ካሴት በሚዲ ተቀድቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እያንዳንዱን ቁልፍ በቁጥር ማወቅ፣ ፒያኖውን በሌላ ፒያኖ መተካት፣ የተሳሳተውንም ኖት ማረም ይቻል ነበር፤ ወፎቹ ግን ቁጥር ስላልነበራቸው ከዚያ ቤት አይወጡም ነበር።